የዘጠኝ ቀን እጥበት

አባቴ ላቫጆ የሚሠራ ይመስለኝ ነበር።

እንዲህ ነው ብሎ የነገረኝ ሰው የለም፤ በራሴ የደረስኩበት ነው። ማክሰኞና ዓርብ በጠዋት የአባቴ ታላቅ እህት እቴቴ ወለተሰንበት ትመጣና ክንዱን ደግፋ ትወስደዋለች። “አባዬ የት ሄደ?” ብዬ እናቴን ስጠይቃት “ለእጥበት” ትለኛለች፤ ሌላ ቃል አትጨምርም። ከሰዓት በኋላ ሲመለስ ፊቱ ገርጥቶ፣ እግሩን እየጎተተ፣ ግራ ክንዱ ላይ ነጭ ፕላስተር ተለጥፎበት ይመጣል። ሸሚዙ በረኪና በረኪና ይሸታል። አልጋው ላይ ጋደም ይልና እስኪመሽ አይናገርም። ቀኑን ሙሉ የሰው መኪና ሲያጥብ የዋለ ሰው ከዚህ ሌላ ምን ሊመስል ይችላል?

ከጌጃ ሰፈር ወደ ልደታ ማርያም በሚወስደው መንገድ ላይ አንድ ላቫጆ ነበር። ከትምህርት ቤት ስመለስ አጥሩ ሥር ቆሜ፣ ቦት ጫማ ካደረጉት አጣቢዎች መሀል አባቴን በዓይኔ እፈልገው ነበር። አላገኘሁትም። ሌላ፣ ራቅ ያለ ቦታ ይሆናል ብዬ ተውኩት። ትንሽም አፍሬ ነበር። አባቴ በዕውቀቱ እኮ ካርታ ነዳፊ ነበር፤ ሰፊ ጠረጴዛ ላይ ጎንበስ ብሎ፣ ትንፋሹን ይዞ፣ ፀጉር በምታህል ብዕር ወንዝ የሚስል ሰው። አስተማሪያችን የወላጆቻችንን ሥራ ስትጠይቀን “ካርታ ይሠራል” አልኩ። ስለ ላቫጆው ለማንም አልተናገርኩም።

ዛሬ ሃያ ስምንት ዓመቴ ነው፤ የኩላሊት እጥበት ምን እንደሆነ አውቃለሁ። ያኔ ግን ዘጠኝ ዓመቴ ነበር። እኔ የማውቀው እጥበት የልብስ፣ የዕቃና የመኪና ነው። አዋቂዎቹም እኔ ፊት ከዚህ ቃል አልፈው አይሄዱም ነበር። “በዕውቀቱ ደከም ብሏል” ይሉና ወሬ ይለውጣሉ።

መኪናም ነበረችን፤ ነጭ ዲኤክስ። አባቴ ደከም ካለ ወዲህ የሚነዳት አልነበረም። ሁለት ክረምት ሙሉ በቤታችንና በግንቡ መሀል፣ ፀሐይ በማይደርስበት፣ ከጣሪያው የሚወርደው የአሸንዳ ውሃ በሚንጠባጠብበት ቦታ ላይ ሸራ ለብሳ ቆመች። አንዳንዴ ከሸራው ሥር ገብቼ በሯን ለመክፈት እሞክራለሁ። የእርጥብ ቅጠል ሽታ ነበራት።

በ1999 የአዲስ ዓመት ማግስት፣ ወደ ማታ ገደማ፣ ከመጋረጃው ጀርባ አልጋዬ ላይ ጋደም ብያለሁ። ቤታችን አንድ ክፍል ነው፤ የእኔን አልጋ ከሳሎኑ የሚለየው ያ መጋረጃ ብቻ ነበር። አባቴ ደጅ ወንበር ላይ ተቀምጧል። እናቴና እቴቴ የተኛሁ መስሏቸው ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ያወራሉ።

“እምቢ አለ?” አለች እቴቴ።

“እምቢ አለ። ዛሬ ማክሰኞ ቀረ፤ ዓርብም አልሄድም ብሏል።”

“ሀረገወይን፣ እጥበቱን ካቆመ እኮ ይሞታል! ሁለት ሳምንትም አይቆይ።”

“ሰለቸኝ አለኝ። እጥበት ሰለቸኝ፣ በቃኝ አለ።” የእናቴ ድምፅ ደርቆ ነበር።

“መኪናዋስ?”

“እሷን እንዳትነኩ ብሏል። ለእናንተ የቀረችው እሷ ናት ይላል።”

“እሱን ለእኔ ተይው። ረሻድን አነጋግሬዋለሁ። ሸራው ይነሳና ትታጠብ፤ ከዚያ በኋላ የሚሆነውን እናያለን።”

እቴቴ ይህን ስትል መኪናዋን ሸጦ እጥበቱን ማስቀጠል ማለቷ ነበር። እኔ የገባኝ ግን ሌላ ነው። አባቴ መኪና ማጠብ ሰልችቶታል፤ ማጠብ ካቆመ ደግሞ ይሞታል። ለምን እንደሚሞት አልጠየቅኩም። እቴቴ የስኳር መርፌዋን ካልተወጋች ትወድቅ የለ? አባቴም ካላጠበ ይሞታል። የአዋቂ ሰው ገላ እንዲህ ነው ብዬ ተቀበልኩት።

እሱ ከሰለቸው ሌላ ሰው ይጠብለት። መኪና አለን፤ እኔም አለሁ።

በማግስቱ እናቴ ቢሮ ከሄደች በኋላ ጋሽ ረሻድ መጡ። ጋሽ ረሻድ ግድግዳ ለግድግዳ ጎረቤታችን ናቸው፤ ከወሎ መጥተው እዚያው ሰፈር የመኪና ወንበር ሲሰፉ የኖሩ፣ ጢማቸው በጊዜ የሸበተ ሰው። የሸራውን ገመድ ፈቱና ሳቡት። ሸራው ከሥሩ ጥቁር ውሃ አፈሰሰ።

“ላ ኢላሃ ኢለላህ” አሉ ጋሽ ረሻድ።

ነጩ ቀለም ደህና ነበር። ጥቁር የነበረው ሁሉ ግን አረንጓዴ ሆኗል። በየመስኮቱ ጠርዝ ያለው የላስቲክ ጎሚኒ፣ በሮቹ ጎን ላይ የተለጠፈው ረጅም የፕላስቲክ ጥብጣብ፣ ከፊትና ከኋላ ግጭት የሚከላከለው ፓራውልት፣ የጎን መስታወቱ የስፖኪዮ ቤት፣ ሁሉም አረንጓዴ ነገር ለብሶ ያዝለገልጋል። በግንቡ በኩል ያለው ጎን ደግሞ ከአረንጓዴው ሥር ጥቁር የሻጋታ ነጠብጣብ አለው፤ በስብሶ በጎሚኒው ቦይ ውስጥ የተጋገረ ቅጠልም ነበር። ከአንዱ ቦይ ውስጥ ሣር በቅሎ አየሁ።

አባቴ ጋቢውን ተከናንቦ ወጣ። በሩን ተደግፎ ትንሽ ቆመ።

“ማን ግለጣት አለህ ረሻድ?”

“እህትህ ናት።”

“ንገራት፣ አትሸ…” ብሎ እኔን ሲያይ አቆመ። ከዚያ መኪናዋን አያት። ፊቱ የተለወጠው ያኔ ነው። ወደ ፊት መጥቶ የስፖኪዮውን ጀርባ በአውራ ጣቱ ዳበሰው፤ ጣቱ አረንጓዴ ሆነ። “እንዲህ አደረግናት?” አለ፤ ለማን እንደሆነ አላወቅኩም።

“እኔ አጥባታለሁ” አልኩ።

ጋሽ ረሻድ ሳቁ። አባቴ አልሳቀም።

“ለማንም ትሁን ለማን፣ እንዲህ ሆና አትቀመጥም” አለ። “ወንበሬን አምጪልኝ።”

ጋሽ ረሻድ ወደ ሥራቸው ከመሄዳቸው በፊት እንዴት እንደሚደረግ አሳዩኝ። በረኪና አይነካም፤ ጎሚኒውን ያነጣዋል፣ ያደርቀዋልም። የሽቦ መፈግፈጊያም አይሆንም፤ ይቧጭራል። ሰላጣ ላይ የሚጨመረው አቼቶና ለብ ያለ ውሃ እኩል ይደባለቃል፣ በጨርቅ ተነክሮ አረንጓዴው ላይ ይለጠፋል። ከዚያ ይጠበቃል። “መጠበቁ ነው ሥራው” አሉ ጋሽ ረሻድ። “ሥሩ ሲላቀቅ በቀላሉ ይነሳልሻል። ሳይላቀቅ ብትታገይው ላዩ ይሄድና ሥሩ ይቀራል፤ በሁለት ሳምንት ይመለሳል።” በኋላ በአሮጌ የጥርስ ብሩሽ ቀስ ብሎ መፈተግ፣ ቦዩን በጨርቅ በተጠቀለለ ስንጥር መጥረግ፣ በንጹህ ውሃ ማለቅለቅ፣ ጠብታ ሳይቀር ማድረቅ። መጨረሻ ላይ ጎሚኒው እንዳይሰነጠቅ ግሊሰሪን በስሱ ይቀባል። የጋሽ ረሻድ ባለቤት ዘሀራ ብልቃጡንና የአቼቶውን ጠርሙስ በአጥር ላይ አቀበለችኝ። “አደራ፣ ዓይንሽን እንዳትነኪ” አለችኝ።

እንዲህ ጀመርን። አባቴ ወንበሩ ላይ ሆኖ ይመራኛል፣ እኔ እሠራለሁ። እንደ ካርታው ሁሉ በዚህም ችኩል አልነበረም። “ከላይ ወደ ታች” ይለኛል። “ከታች ከጀመርሽ ያጠብሽውን መልሰሽ ታቆሽሺዋለሽ።” የመጀመሪያው ቀን የሾፌሩን በር ጎሚኒ ብቻ ጨረስን። አረንጓዴው ተላቅቆ ወርዶ ጥቁሩ ብቅ ሲል ሁለታችንም ተጠግተን አየነው።

በሁለተኛው ቀን የበሩን ጥብጣብ ስፈትግ አባቴ ለአረንጓዴው ቅርጾች ስም ያወጣ ጀመር። “ይቺ ሰፋ ያለችው ጣና ናት። ያቺ ቀጭኗ ዝዋይ። ይኼ የሚጎተተው አዋሽ ነው፤ አዋሽ ባሕር አይደርስም፣ አሸዋ ውስጥ ይጠፋል።” ጣናን አጠፋሁ። ዝዋይን አጠፋሁ። “አዋሽን ለነገ እንተወው” አለኝ።

በእነዚያ ቀናት አባቴ እየተሻለው ይመስለኝ ነበር። ማስረጃ ነበረኝ። ከዚያ በፊት ውሃ በትንሽዬ የሻይ ብርጭቆ ተለክቶ ነበር የሚሰጠው፤ ብርቱካንና ሙዝ ደግሞ እናቴ ከዓይኑ ትደብቅ ነበር። አሁን እናቴ ቢሮ ስትሄድ ወደ ሱቅ ይልከኝና አራት ብርቱካን አስገዝቶ፣ ልጣጩን ሳይበጠስ በአንድ ጥቅል ልጦ፣ ዓይኑን ጨፍኖ ይበላል። ውሃም ከጆጉ ይጠጣል። ፊቱም ሞላ። የእግሩ ቁርጭምጭሚት እንኳ ወፍሮ ካልሲው አልገባው አለ። “አባዬ ወፈርክ!” ብዬ ተደሰትኩ። “አዎ፣ ወፈርኩ” አለ።

እጥበቱን ያቆመ ሰው ገላ ውስጥ ውሃው መውጫ ያጣል። ብርቱካኑም ክልክል የሆነበት ምክንያት ነበረው፤ ልብን ያቆማል። ይህን ሳውቅ ትልቅ ሰው ሆኜ ነበር። አባቴ ግን ያን ጊዜም ያውቀው ነበር። ይበላ የነበረው ውሳኔውን ወስኖ ስለጨረሰ ነው። ፊት ለፊቱ ተቀምጬ ልጣጩን አንገቴ ላይ እጠመጥም የነበርኩት እኔ ነኝ።

አንድ ቀን ደክሞኝ ጭኑ ላይ ተጋደምኩ። ጆሮዬ ግራ ክንዱ ላይ አረፈ፤ ፕላስተሩ ይለጠፍበት የነበረው ቦታ ላይ። ከቆዳው ሥር የሆነ ነገር እንደ ንብ ይጮኻል፣ ይርገበገባል።

“ምንድነው እሱ?”

“ሞተሬ ነው” አለ።

“ለምን ክንድህ ላይ ሆነ?”

“ሐኪሞች እዚያ ገጠሙልኝ።” ፀጉሬን እየዳበሰ፣ “ኑኃሚን፣ እናትሽን ታዘዢያት፤ እሺ?” አለኝ። ከሞተር ወደ እናቴ እንዴት እንደመጣ አልገባኝም፤ ሞተሩ ለእጥበቱ ተብሎ በቀዶ ጥገና የተገጣጠመ ደም ሥር መሆኑንም ያወቅኩት አድጌ ነው። እሺ አልኩ።

ስድስተኛው ቀን ላይ አንድ ነገር አስፈራኝ። የፊቱን ፓራውልት፣ አራቱን በሮችና ሁለቱን ስፖኪዮዎች ጨርሰናል። መኪናዋ እያለቀች ነው። ካለቀች በኋላ የሚታጠብ ነገር የለም። የሚታጠብ ከሌለ ደግሞ…

ማዝገም ጀመርኩ። ንጹሑን ጎሚኒ እንደገና ነከርኩ። ብሩሹ ጠፋኝ አልኩ። በአቼቶው የተነሳ የጣቶቼ ጫፍ ተሰነጣጥቆ ያቃጥለኝ ነበር፤ ይህን እንኳ ለማንም አልተናገርኩም፣ አርፈሽ ተቀመጪ እንዳይለኝ ፈርቼ። አባቴም ዝግ ብሏል። አንዱን ዓረፍተ ነገር ለመጨረስ ሁለቴ ይተነፍሳል። ወንበሩ ላይ ቀና ብሎ ካልሆነ በቀር መተንፈስ ስላቃተው ሌሊቱንም ተቀምጦ ማደር ጀምሮ ነበር። እናቴ ቁጭ ብላ ታየዋለች። እቴቴ በየቀኑ እየመጣች ታለቅሳለች፣ ትለምነዋለች። እሱ ራሱን ይነቀንቃል።

በዘጠነኛው ቀን የቀረው የኋላው ፓራውልት ብቻ ነበር። ከሰዓት በኋላ ነው። አባቴ ጋቢውን እስከ አገጩ ስቦ ዓይኑን ጨፍኗል። የተኛ መሰለኝ። ግንቡ ሥር ተጠቅልሎ የተጣለውን ሸራ ፈታሁት፤ ውስጡ አሁንም አረንጓዴ ነው። በባልዲው ዕጣቢ ውሃ አራስኩትና እየጎተትኩ ወስጄ በንጹሖቹ በሮች ላይ አለበስኩት። እርጥቡን ሸራ በሁለት መዳፌ ጎሚኒው ላይ ተጭኜ እፈትገው ጀመር።

“ኑኃሚን፣ ምን እያደረግሽ ነው?”

ደነገጥኩ። “አረንጓዴው እንዲመለስ ነው።”

“ለምን ይመለሳል? ዘጠኝ ቀን የለፋንበትን።”

“ካለቀ የሚታጠብ የለም።”

“ባይኖርስ?”

አለቀስኩ። “ትሞታለሃ! እቴቴ ለእማዬ ስትነግራት ሰምቻለሁ። እጥበቱን ካቆመ ይሞታል አለች። አንተ ደግሞ ሰልችቶሃል። እኔ ለአንተ እያጠብኩልህ ነበር፤ አሁን ሊያልቅብኝ ነው።”

አባቴ ጋቢውን ከአገጩ አወረደ። ከአሸንዳው ውሃ ጠብ ሲል ይሰማኛል። በጣም በቀስታ ጠየቀኝ።

“እኔ ለእጥበት የት የምሄድ ይመስልሻል?”

“ላቫጆ።”

ሳቀ። ሳቁ ወደ ሳል ተለወጠ፤ ሳሉ እምቢ ብሎት ቆየ። ከዚያ ጋቢውን ፊቱ ላይ ጣለ። ትከሻው ይንቀጠቀጣል። አሁንም የሚስቅ መሰለኝና እኔም እንባዬን ጠርጌ ፈገግ አልኩ።

ጋቢውን ሲያነሳ “ነይ” አለኝ። ሄድኩ። እጆቼን ያዘና ገለበጣቸው። የተሰነጠቁትን ጣቶቼን አንድ በአንድ አየ፤ ካርታ ላይ ስህተት ሲፈልግ እንደሚያየው።

“ያማል?”

“አያምም።”

“ዘጠኝ ቀን ሙሉ እያመመሽ ዝም አልሽ?”

እጆቼን ሳብ አድርጌ ከኋላዬ ደበቅኳቸው።

“በይ በቃ። ከነገ ጀምሮ እኔው እታ… እኔው አጥባለሁ። አንቺ ሰኞ ትምህርት ቤት ትገቢያለሽ።”

“ሰልችቶህስ?”

“ሰልችቶኝ ነበር” አለ አባቴ።

እናቴ ስትመጣ ዘሀራ ቤት ላኩኝ። ምን እንደተባባሉ አልሰማሁም። በማግስቱ ገና ጎህ ሲቀድ ኮንትራት ታክሲ በራችን ላይ ቆመ፤ እናቴና ጋሽ ረሻድ በሁለት በኩል ደግፈው አስገቡት። መስኮቱን ዝቅ አድርጎ እጁን አውለበለበልኝ። ወደ ላቫጆው እየሄደ ነው ብዬ በኩራት አውለበለብኩለት።

በሳምንቱ ከትምህርት ቤት ስመለስ መኪናዋ አልነበረችም። የቆመችበት ቦታ ባዶ ነው። የኋላውን ፓራውልት ማን እንደጨረሰው እስከ ዛሬ አላወቅኩም። “እናትሽ ሸጠቻት” አለችኝ ዘሀራ።

አባቴ ከዚያ በኋላ አምስት ወር ኖረ። ማክሰኞና ዓርብ ይሄዳል፣ ይመለሳል። የሂሳብ የቤት ሥራዬን ያያል። የኢትዮጵያን ካርታ በትዝታ ብቻ ደብተሬ ላይ ሳለልኝ። በየካቲት፣ ሐሙስ ቀን፣ ክፍል ውስጥ ሆኜ አስተማሪያችን በር ላይ ከእቴቴ ጋር ስታወራ አየሁ። እቴቴ ጥቁር ለብሳ ነበር።

የልቅሶው ዕለት እናቴ ከሰው መሀል ተነስታ ልታቅፈኝ መጣች። ወደ ኋላ ሸሸሁ። ሰው ሁሉ አየ። እሷም እጆቿን ዘርግታ ትንሽ ቆማ፣ ቀስ ብላ አወረደቻቸው።

በእኔ ሒሳብ ነገሩ ግልጽ ነበር። አባዬ ደክሞት ማጠብ ያቃተው ቀን እኔ የምተካበት መኪና መኖር ነበረበት። እናቴ ሸጠቻት። ይህን በቃል ለማንም አልተናገርኩም፤ ለራሴ እንኳ እንዲህ አስተካክዬ አልነገርኩትም። ብቻ አምስት ዓመት ሙሉ ለእናቴ “አዎ” እና “አይ” ብቻ እያልኩ ኖርኩ። የምትሰጠኝን እበላለሁ፣ የምታዝዘኝን እሠራለሁ፣ ስትነካኝ ገላዬ ይደነድናል። እሷም አንድ ቀን “ምን አደረግኩሽ?” ብላ አልጠየቀችኝም። አለመጠየቋን እንደ ጥፋተኛነት ቆጠርኩባት።

አሥራ አራት ዓመቴ ላይ ሜክሲኮ አደባባይ ታክሲ ስጠብቅ አንድ ፒካፕ መጣ። ጎኑ ላይ የወጣት ልጅ ፎቶ ያለበት ባነር ተለጥፏል። ላዩ ላይ ማይክሮፎን የያዘ ሰው ይጮኻል። “ወገኖቻችን! ወንድማችን ሁለቱም ኩላሊቶቹ ሥራ አቁመዋል! በሳምንት ሦስት ጊዜ እጥበት ያስፈልገዋል! እጥበቱን ካቆመ በሕይወት አይቆይም!”

ወያላው “ልደታ፣ ልደታ” እያለ አጠገቤ ይጣራል። ታክሲው ሞልቶ ሄደ፤ ሌላም መጣ፣ ሄደ። ፕላስተሩ፣ የበረኪናው ሽታ፣ በብርጭቆ የሚለካው ውሃ፣ ብርቱካኑ፣ ያበጠው እግር፣ ሁሉም በአንዴ መጡብኝ። የመኪናዋ ሽያጭ ደግሞ ከሁሉም በኋላ መጣ። እናቴ ያን ዲኤክስ የሸጠችው አባቴን አምስት ወር ለማቆየት ነው። የታክሲ ሳንቲሜን ለወጣቱ ገንዘብ በሚሰበሰብበት ሳጥን ውስጥ ከትቼ በእግሬ ወደ ቤት ሄድኩ።

ለእናቴ አልነገርኳትም። አፈርኩ። በነጋታው ወደ ሥራ ልትወጣ ስትል ከኋላዋ ሄጄ አንገቷን አቀፍኩ። ጎኗ ላይ የነበረው ቦርሳ ወደቀ። ለምን እንደሸሸሁ ባልጠየቀችበት አፏ ለምን እንደተመለስኩም አልጠየቀችኝም። ከዚያ ወዲህ ደህና እናትና ልጅ ሆንን። ስለዚያ መስከረም ግን አንዳችንም አንስተን አናውቅም።

ሰፈሩ ሲነሳ ልደታ ኮንዶሚኒየም ደረሰን። እናቴ ጡረታ ወጣች፤ ጉልበቷ አስቸገራት። እኔ አገባሁ፣ አንድ ሕንፃ ተሻግሬ እኖራለሁ። አምና ከባለቤቴ ጋር ያገለገለች ቪትዝ ገዛን። ክረምቱን ሕንፃው ጥላ ሥር አቁመናት ስለከረመች መስከረም ላይ ጎሚኒዋ ሁሉ አረንጓዴ ሆኖ አገኘሁት። አንድ ቅዳሜ ከሰዓት አቼቶና ለብ ያለ ውሃ በጥብጬ ወረድኩ። እናቴ ፀሐይ ልትሞቅ ወንበሯን ይዛ ወርዳ አጠገቤ ተቀመጠች። ጨርቁን ነክሬ ለጥፌ፣ እጄን አጣጥፌ ስጠብቅ ታየኛለች።

“ይኼን ማን አስተማረሽ?” አለችኝ።

“አባዬ። ጋሽ ረሻድ አሳዩኝ፤ ከዚያ አባዬ ወንበር ላይ ተቀምጦ ይመራኝ ነበር። መኪናዋ ከመሸጧ በፊት፣ አንቺ ቢሮ ስትውዪ።”

“ረሻድ የሚያጥባት፣ አንቺ ውሃ የምታቀብዪ ነበር የሚመስለኝ።”

“ዘጠኙንም ቀን እኔና አባዬ ነን።” አየኋት። ዕድሜዋ አሳዘነኝ፤ ጊዜው አሁን ነው አልኩ። ስለ ላቫጆው፣ ከመጋረጃው ጀርባ ስለሰማሁት፣ እርጥቡን ሸራ ስለመመለሴ፣ አባዬ “ሰልችቶኝ ነበር” ስላለው፣ ከዚያም ለምን አምስት ዓመት እንደራቅኳት ነገርኳት። “መኪናዋን ስለሸጥሽ የገደልሽው መስሎኝ ነበር፤ ይቅር በይኝ” አልኳት።

 እናቴ ነጠላዋን ማፍተልተል ጀመረች።

“የሰማሽው ይኼን ብቻ ነው?” አለች።

“ሌላ ምን ነበር?”

“ጳጉሜን ውስጥ ነው። ከእጥበት ተመልሶ ሲያስመልሰው ውሎ ነበር። ወርቄ ተሽጧል፣ ከቢሮ የቀረሁበት ቀን በዝቶ ማስጠንቀቂያ ደርሶኛል፣ መሄጃ አልነበረኝም። ግድግዳውን ተደግፌ፣ ‘በዕውቀቱ፣ እኔ እንግዲህ አልችልም’ አልኩት። ቀና ብሎ አየኝና ‘እሺ፣ ሀረግ’ አለ።  በማግስቱ ሰለቸኝ አለ። አልሰለቸውም ነበር፣ ኑኃሚን። እኔን እያዳነኝ ነበር።” ፊቷን ወደ መኪናዋ አዞረች። “እሺ ሲለኝ መጋረጃው ሲነቃነቅ አይቻለሁ። ልጄ ነቅታለች፣ ሰምታኛለች አልኩ። ልቅሶው ላይ ስትሸሺኝ፣ ይገባኛል አልኩ። አባትሽን በቃ ያልኩት እኔ ነኝና።”

“እማዬ፣ ተኝቼ ነበር። አልሰማሁም።”

“አሥራ ዘጠኝ ዓመት” አለች።

ተንበርክኬ ጉልበቷን ያዝኩ። እጆቼ አቼቶ ይሸታሉ። እሷ ግን ሌላ ነገር እያሰበች ነበር።

“ያን ዕለት ከቢሮ ስገባ፣ ‘ነገ ውሰጂኝ፤ መኪናዋንም ሽጪ’ አለኝ። ለምን ሐሳቡን እንደለወጠ ጠየቅኩት። ፈገግ ብሎ ዝም አለኝ። ጥፋቱ በእኔ እንዳይሆን፣ ለእኔ አዝኖ የተመለሰ ይመስለኝ ነበር። እነዚያን አምስት ወሮች በምሕረት እንደሰጠኝ ነበር የምቆጥራቸው።” ዓይኗን ጠረገች። “ለአንቺ ነው የተመለሰው።”

“ለሁለታችንም ነው።”

“አይደለም። ለአንቺ ነው። ይሁን፤ ለአንቺ ይሁን።” በረጅሙ ተነፈሰች፤ ሸክም ያወረደ ሰው እንደሚተነፍሰው። ከዚያ ወንበሯን ወደ እኔ አስጠጋች። “እስቲ ንገሪኝ።”

“ምኑን?”

“እኔ ቢሮ ስውል የነበረውን። ከመጀመሪያው ቀን ጀምሪ። ምን ይልሽ ነበር? ምን ያስቀው ነበር? ምንም እንዳታስቀሪ።”

ከአጠገቧ የመንገዱ ጠርዝ ላይ ተቀምጬ ጀመርኩ። የስፖኪዮውን ጀርባ በአውራ ጣቱ እንዴት እንደዳበሰ ነገርኳት። ስለ ጣናና ስለ ዝዋይ ነገርኳት፤ አዋሽ ለምን ለነገ እንደተረፈ። በየመሀሉ “ቆይ፣ ቆይ” እያለች ታስቆመኛለች፤ የቱን ሸሚዝ ለብሶ እንደነበር፣ ወንበሩን ወደ ፀሐይ አዙሮ እንደሆነ፣ ድምፁ እንዴት እንደነበር ትጠይቀኛለች። የማላስታውሰውን አላስታውስም አልኳት፤ የማስታውሰውን ሁሉ ሰጠኋት።

ፀሐይዋ ከሕንፃው ጀርባ ስትገባ ገና አራተኛው ቀን ላይ ነበርን።